ገጹ አልተኛ ሲላችሁ፦ መጽሐፍና ሰነድ ዘርግቶ በስልክ ለማንሳት ዝርዝር መመሪያ

ሰሞኑን ስልኩን እያሳየ "ለምንድነው እንዲህ የሆነብኝ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ፎቶዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ወደ ጥራዙ የሚጠጉት ቃላት ተጣመው ገደል የሚገቡ ይመስላሉ። አንዱ ጥግ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር አለ። ሌላው ጥግ ብዥ ብሏል። ሰዉ ደግሞ የሚጠረጥረው ካሜራውን ነው። "ስልኬ አርጅቶ ይሆን?" ይለኛል። አላረጀም። ገጹ ስላልተኛ ነው።

ገጽ ደግሞ ከላይ ስለተጫኑት አይተኛም። ከሥሩ ሲደገፍ ነው የሚተኛው። ከታች ባዶ ከሆነ ከላይ የቱንም ያህል ብትጫኑት አንዱ ጋ ሲወርድ ሌላው ጋ ይነሳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

የምነግራችሁ አዳማ ቤቴ ውስጥ በተራ ስልክና ከሰፈር በሚገኝ ዕቃ የምሠራበትን መንገድ ነው። ለዕድር መዝገብ፣ ለቤት ካርታ፣ ለድሮ ሰርተፊኬት፣ ለደብተርና ለተጠረዘ መጽሐፍ ይሆናል።

1. መጀመሪያ ሰነዱን እዩት

ስልኩን ገና አታውጡ። ሰነዱን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ተመልከቱት። የተጠረዘ ነው ወይስ ነጠላ ወረቀት? ታጥፎ የኖረ ነው? ተጠቅልሏል? በእርሳስ የተጻፈ ወይም ቀለሙ የሚራገፍ ነገር አለበት? ብራና ነው?

ይህን የምታደርጉት መስታወት የሚነካውንና የማይነካውን ለመለየት ነው። ተራ ወረቀት በቀለም ወይም በእስክሪብቶ ከተጻፈበት መስታወት ቢያርፍበት ችግር የለውም። ብራና፣ ፎቶግራፍ፣ የሰም ማኅተም ያለበት ወረቀትና ቀለሙ የሚፈረፈር ማንኛውም ነገር ግን መስታወት አይወድም። እነሱን ለብቻ አስቀምጡ፤ ደረጃ 7 ላይ እመለስባቸዋለሁ።

የስቴፕለር ሽቦ ካለ አውጡት። በጥፍር አትጎትቱት፤ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ከሽቦው ሥር ቀጭን ፕላስቲክ አስገቡ።  ከዚያ የሽቦውን ሁለት እግሮች ከኋላ አቃንታችሁ ከፊት ሳቡት። ዝጎ ከወረቀቱ ጋር ከተጣበቀ ተዉት፤ ሽቦው እንዳለ አንሱት።

እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ጓንት አያስፈልግም፤ ጣት የወረቀቱን ስስነት እንዳያውቅ ያደርገዋል። እጃችሁ ላይ ቅባት ወይም ቫዝሊን እንዳይኖር ግን ተጠንቀቁ። ገጽ ለመግለጥ ጣት መላስም ይቅር። ከልጅነታችን የለመድነው ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ይቅር።

2. ዕቃ አሰባስቡ

መስታወት። መስታወት ቤት ሄዳችሁ ባለ 4 ሚሊሜትር ነጭ የመስኮት መስታወት 30 በ40 ሳንቲሜትር አድርገው እንዲቆርጡላችሁ ጠይቁ። ክብደቱ 1.2 ኪሎ ያህል ይሆናል። ወረቀት ለማስተኛት የሚበቃ፣ ጥራዝ የማይሰብር ክብደት ነው። አራቱንም ጠርዝ አስሞርዱ። "ቤት በብርጭቆ ወረቀት አሻዋለሁ" ብላችሁ ሳታስሞርዱ አትውሰዱት። እኔ እንደዚያ ብዬ አንድ የመዝገብ ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቄያለሁ፤ ጣቴንም አብሬ።

ከመክፈላችሁ በፊት መስታወቱን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ እዩት። ጭረት ወይም አረፋ ካለው ሌላ ጠይቁ። ትንሽ አረንጓዴ ቢመስል ምንም አይደለም።

በመስታወት ፋንታ ጥርት ያለ ፕላስቲክ የሚያቀርቡላችሁ አሉ። ቀላል ነው፣ አይሰበርም። ግን ቶሎ ይጫጫራል፣ ሲወለወል ደግሞ ኤሌክትሪክ ይይዝና አቧራና ስስ ወረቀት ይስባል። አየሩ ደረቅ በሆነ ጊዜ መስታወቱን ስታነሱ ገጹም ተከትሎ ይነሳል። እኔ አልመርጠውም።

ካርቶን። የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ካርቶን ከተገኘ ግሩም ነው። በመጽሐፉ ልክ አሥር ያህል ቁራጭ አዘጋጁ። ግማሾቹ ወፍራም፣ ግማሾቹ የብስኩት ካርቶን ዓይነት ስስ ይሁኑ። የሥራው ጌታ መስታወቱ ሳይሆን ይህ ካርቶን ነው።

መደገፊያ። በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ሦስት ጡቦች። ጡብ ከሌለ የሞላ የወተት ዱቄት ጣሳ።

ካልሲና ሩዝ። ረዥም፣ የታጠበ ካልሲ ውስጥ ሩዝ ጨምራችሁ አፉን ስፉት። ገጽ ላይ ሲጋደም የወረቀቱን ቅርጽ ተከትሎ ይተኛል፤ እንደ መቆንጠጫ ጠባሳ አይተውም። ሁለት አዘጋጁ። ሥራው ሲያልቅ ሩዙን አውጡት፤ መጽሐፍ አጠገብ ከቆየ ነቀዝና አይጥ ይጠራል።

በተጨማሪ፦ ጥቁር ወረቀት፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር፣ ማስመሪያ፣ ትንሽ ፊት ማያ መስታወት እና ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች።

3. ቦታና ብርሃን

በረንዳ ላይ አትሥሩ። ከተማችን ዳር የቆሙት የንፋስ ማመንጫዎች ለጌጥ አልተተከሉም። እነሱን የሚያዞር ንፋስ የእናንተን ገጽ መግለጥ አያቅተውም። መስኮቱን ዝጉ። ቬንትሌተሩን አጥፉ። ይሞቃል፤ ቻሉት።

የአዳማ አቧራ ሌላው ጣጣ ነው። መስታወትና ወረቀት መካከል የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሁለቱንም ትጭራለች። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። እያንዳንዱን ገጽ ከመሃል ወደ ውጭ በብሩሽ ቀስ አድርጋችሁ አራግፉ። መስታወቱን በየ20 ገጹ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ።

ብርሃኑ ከሁለት ወገን እኩል ይምጣ። አምፖሎቹን ከገጹ ግራና ቀኝ፣ እኩል ርቀት ላይ፣ በ45 ዲግሪ አቁሙ። አንድ አምፖል ብቻ ካላችሁ በተቃራኒው ወገን ነጭ ካርቶን አቁሙ፤ ብርሃኑን መልሶ ይረጫል። የስልኩን ፍላሽ አጥፉ።

በመስኮት ብርሃን መሥራትም ይቻላል። ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የምትገባ ከሆነ መስኮቱ ላይ ነጠላ ዘርጉ። የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ግን አትቀላቅሉ። የገጹ ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሽ ቢጫ ይሆንባችኋል።

*መብራት ቢጠፋስ?* ያነሳችሁትን የመጨረሻ ገጽ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉና አቁሙ። ግማሹን በአምፖል፣ ግማሹን በመስኮት አታንሱ። መጽሐፉ የሁለት መጽሐፍ ፎቶ ይመስላል።

4. ስልኩን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርጉ

ገጹ ተኝቶም ስልኩ ካዘመመ ፎቶው ይጣመማል። በእጅ መያዝ ለአንድ ደረሰኝ ይሆናል፤ ለ200 ገጽ አይሆንም።

ሀ. ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጣሳ ወይም ጡብ ደርድሩና በላዩ ጣውላ አጋድሙ። የጣውላው አንድ ጫፍ ከገጹ በላይ ወጣ ይበል። በሌላው ጫፍ ላይ ከባድ ነገር ጫኑበት።

ለ. ስልኩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጣውላው ላይ አስተኙት። ሌንሱ ብቻ ከጠርዙ ይውጣ። እንዳይንሸራተት በላስቲክ እሰሩት።

ሐ. ከገጹ እስከ ሌንሱ ለኤ4 ወረቀት 30 ሳንቲሜትር ያህል ራቁ። ገጹ ከስክሪኑ ቢተርፍ ጨምሩ። ዋናውን ሌንስ ተጠቀሙ፤ ሰፊውን ሌንስ አትንኩ፣ ጠርዙን ያጎብጣል። በቅርበት ማንሳት የገጹን ጉብጠት ያጋንናል፤ ራቅ ማለት ይቀንሰዋል።

መ. ፊት ማያ መስታወቷን ገጹ መሃል አስተኙ። ስክሪኑ ላይ የስልካችሁ ሌንስ መስታወቷ ውስጥ ይታያችኋል። ሌንሱ ከስክሪኑ እምብርት ላይ እስኪውል ከጣውላው ሥር ወረቀት እያስገባችሁ አስተካክሉ። እምብርቱ ላይ ካረፈ ትይዩ ናችሁ።

ሠ. የካሬ ደብተሩን ዘርግታችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። መስመሮቹ ከፎቶው ጠርዝ ጋር እኩል ከሄዱ ጨርሳችኋል። ወደ አንድ ወገን ከጠበቡ ወደ መ ተመለሱ።

ባለ 12 ሜጋፒክሰል ካሜራ ፎቶው 4000 በ3000 ነጥብ ነው። ኤ4 ወረቀት ፎቶውን ሲሞላው በአንድ ኢንች 340 ነጥብ ያህል ይደርሳል። ለሰነድ 300 ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ "ስልኬ ደካማ ነው" የሚለውን ሐሳብ እዚህ ጋ ጣሉት። ገጹ የስክሪኑን ቁመት ግማሽ ብቻ ከያዘ ግን ያ ቁጥር በግማሽ ይወርዳል።

ማንሻው በሦስት ሴኮንድ ዘግይቶ እንዲያነሳ አድርጉት፤ ወይም የጆሮ ማዳመጫውን የድምፅ ቁልፍ ተጠቀሙ። ስክሪኑን በጣት መንካት ብቻ ጣውላውን ያነቃንቀዋል።

5. የተጠረዘ መጽሐፍ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ለማንሳት አትሞክሩ። መጽሐፍ 180 ዲግሪ ተከፍቶ እንዲተኛ አልተሠራም። ቢተኛም መሃሉ ጎድጉዶ ይቀራል። "ጫን ጫን አድርጌ እሰብረዋለሁ" የሚል ካለ በእርግጥ ይሰበራል፤ ከዚያ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይወልቃሉ። መላው አንዱን ገጽ ማስተኛት፣ ሌላውን ማቆም ነው።

ሀ. መደገፊያውን ሥሩ። ጡቦቹን በግራችሁ ደርድሩና ወፍራም ካርቶን አስደግፉባቸው። ካርቶኑ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘንብል። ከጠረጴዛው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ይሁን። ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም። የኤ4 ወረቀት ጥግ ልክ 90 ዲግሪ ነው። ጥጉን ካርቶኑና ጠረጴዛው የሚገናኙበት ላይ አስገቡ። ከወረቀቱ ጀርባ ትንሽ ክፍተት ከታየ ልክ ነው።

ለ. መጽሐፉን አስቀምጡ። የፊት ሽፋኑ ካርቶኑን ይደገፍ፣ የቀኙ ገጽ ጠረጴዛ ላይ ይተኛ። የመጽሐፉ ጀርባ የሚያርፍበት የ1 ወይም 2 ሳንቲሜትር ክፍተት ተዉ። ጀርባው ከተጨነቀ የቀኙ ገጽ መሃሉ ጋ ይነሳል። የተገለጡት ቅጠሎች ማዕዘኑ ከ90 ስላለፈ በራሳቸው ክብደት ወደ ኋላ ይደገፋሉ። መቆንጠጫ አያሻቸውም። ተመልሰው የሚወድቁ ከሆነ ማዕዘኑን ጨምሩ።

ሐ. ከሥር ደግፉ። ገጹ ላይ መዳፋችሁን ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉ። የሚሰምጥ ቦታ ካለ ከሥሩ ባዶ ነው ማለት ነው። ሽፋኑን አንሱና ስስ ካርቶን እዚያ ጋ አስገቡ። ዳግመኛ ዳስሱ። እስኪጠነክር ድገሙት።

ለዓይን የማይታይ ጉብጠት ለመያዝ አንዲት ዘዴ አለች። ክፍሉን አጨልሙና የሌላ ስልክ ባትሪ ከገጹ ጎን፣ ወረቀቱን ሊነካ ምንም በማይቀረው ከፍታ አብሩ። ያልተኛው ቦታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ደህና ነው ያላችሁት ገጽ ጉድጓድ የበዛበት አስፋልት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጥላው የት እንዳለ እዩና ካርቶኑን እዚያው ጨምሩ።

መ. መስታወቱን አውርዱ። ከላይ በጅምላ አትጣሉት። ረዥሙን ጠርዝ መጀመሪያ መሃሉ ጋ አስጠጉ፣ ከዚያ ሌላውን ጠርዝ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ዝቅ አድርጉ። አየሩና ሞገዱ ወደ ውጭ ይገፋል። ከውጭ ጀምራችሁ ወደ መሃል ብታወርዱ ሞገዱ በሙሉ መሃሉ ጋ ይከማችና እዚያው ታጥፎ ይቀራል።

በእጃችሁ አትጫኑ። የመስታወቱ ክብደት ይበቃል። የሰፈራችንን ዕድር መዝገብ ሳነሳ ጸሐፊው ጋሼ አጠገቤ ቁጭ ብለው ነበር። መስታወቱን ጠበቅ አድርጌ ስጫን "አንተ ልጅ፣ በርበሬ እየደለዝክ ነው እንዴ?" አሉኝ። ልክ ነበሩ። ጠንክሬ የተጫንኳቸው ገጾች በሙሉ በሌላው ጫፍ ተነስተው ብዥ ብለው ወጥተዋል።

ሠ. አንሱ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉን ነክታችሁ ያዙ፤ ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል። አንሱ። መስታወቱን ወደ ላይ አንሱት፤ ገጹ ላይ አትጎትቱት። ቅጠሉን ግለጡ። አንዱ ገጽ እስከ 15 ሴኮንድ ይፈጃል፤ 200 ገጽ 50 ደቂቃ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከፈጠናችሁ ትሳሳታላችሁ።

ረ. ከፍታውን ጠብቁ። ይህን ሁሉም ይረሳዋል። ቅጠል በገለጣችሁ ቁጥር የተኛው ክምር ይሳሳል፣ ገጹም ከስልኩ ይርቃል። መጽሐፉ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው መጀመሪያ በ30 የነበረው ርቀት መጨረሻ ላይ 34 ይሆናል። ጽሑፉ 12 በመቶ ያህል ያንሳል፣ የተቆለፈው ትኩረትም ይስታል። በየ25 ቅጠሉ ከሥር ካርቶን ጨምሩና ትኩረቱን እንደገና ቆልፉ።

ሰ. አዙሩና ግራዎቹን አንሱ። የቀኝ ገጾች ሁሉ ካለቁ በኋላ መጽሐፉን ዝጉና ባለበት 180 ዲግሪ አዙሩት። አሁን የግራው ገጽ ይተኛል፣ የቀኙ ካርቶኑን ይደገፋል። መደገፊያውን፣ አምፖሉንና ስልኩን አትንኩ። ፎቶዎቹ ተዘቅዝቀው ይወጣሉ፤ አትደንግጡ፣ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ ታዞሯቸዋላችሁ። በዚህኛው ዙር ክምሩ እየወፈረ ስለሚሄድ ካርቶኑን እያወጣችሁ ሂዱ።

ሁለቱን ዙሮች በሁለት ፎልደር አስቀምጡ፤ "ቀኝ" እና "ግራ" በሏቸው። የሁለቱ ቁጥር እኩል መሆን አለበት፤ ቢለያይ በአንድ ነው። እኔ አንድ ጊዜ 96 እና 94 ወጣልኝ። ሁለት ቦታ ላይ ቅጠል ተጣብቆ አብሮ ተገልጧል። ያን ቀን ባልቆጥር ኖሮ የጎደሉትን ማንም አያውቅም ነበር።

6. ነጠላ ወረቀት፣ የታጠፈና የተጠቀለለ

አንድ ወረቀት ቀላል ነው። ጠንካራ ካርቶን ከሥር፣ መስታወት ከላይ። ወረቀቱ ስስ ሆኖ የጀርባው ጽሑፍ የሚያሳልፍ ከሆነ ከሥሩ ነጭ ሳይሆን ጥቁር ወረቀት አድርጉ። የጀርባው ጽሑፍ ይደበዝዛል። በካርቦን የተባዙ የድሮ ደብዳቤዎች ላይ ልዩነቱ ዓይን ይገልጣል።

በአራት ታጥፎ ሣጥን ውስጥ የኖረ ካርታ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሀ. ማለዳ ክፈቱት። ማለዳ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ እርጥበት አለው። እኩለ ቀን ላይ፣ በተለይ በበጋ፣ ወረቀቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል።

ለ. አንድ እጥፋት ክፈቱ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ቀጣዩን ክፈቱ። የሚንቋቋ ድምፅ ከሰማችሁ አቁሙ።

ሐ. እጥፋቱን ለማቃናት ወደ ኋላ አትጠፉት። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ወረቀቱ ልክ በእጥፋቱ ላይ ለሁለት ይከፈላል።

መ. ሁለት ንጹሕ ነጭ ወረቀቶች መካከል አስገቡት። ከሥርና ከላይ ሰፊ ጣውላ፣ በላዩ መጻሕፍት። ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ሳይተኛ ለማንሳት አትጣደፉ።

ካውያ አትንኩ። ውኃ አትርጩ። እንፋሎት ላይ አትያዙ። የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም በጠብታ ውኃ ይፈሳል። ቀለሙ ከፈሰሰ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

ለተጠቀለለ ወረቀትም በተቃራኒው መጠቅለል መፍትሔ አይደለም። አንዱን ጫፍ በሩዝ ካልሲ ያዙ፣ ቀስ እያላችሁ ዘርጉ፣ ሌላውን ጫፍ በሁለተኛው ካልሲ ያዙ። ከዚያ እንደ ካርታው ጫኑት።

ላሚኔት የተደረገ ከሆነ መስታወት ጨርሶ አትጠቀሙ፤ ነጸብራቅ በነጸብራቅ ላይ ይሆናል። አምፖሎቹን ከ45 ዲግሪ ዝቅ አድርጉና በጣም ከጎን አብሩ። ፕላስቲኩን ለመላጥ አትሞክሩ። ገና ላሚኔት ያላደረጋችሁት ሰነድ ካለ ደግሞ አታድርጉት፤ ሙጫው አንዴ ከያዘ አይለቅም።

ወረቀቱ ተቀዶ ቢሆን ቁርጥራጮቹን በየቦታቸው ገጣጥማችሁ በመስታወቱ ያዟቸው። ፕላስተር አትለጥፉ። ከዓመታት በኋላ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ይሸፍናል።

7. ብራናና ፎቶግራፍ

የአያት ዳዊት እቤት ያለ ሰው ብዙ ነው። ብራና ቆዳ ስለሆነ እርጥበትና ሙቀት በተለዋወጠ ቁጥር ይጎብጣል። ያ ጉብጠት ጠባዩ ነው፤ ለማጥፋት አትታገሉት። የአምፖል ሙቀት አጠገቡ አታድርጉ። መስታወት አትጫኑበት፤ ሐረጉና ሥዕሉ ላይ ያለው ቀለም ይራገፋል። ደረጃ 5 ላይ የሠራነውን መደገፊያ ተጠቀሙ፣ የገጹን ነጭ ጠርዝ ብቻ በካልሲው ጫፍ ያዙ፣ ከ60 ሳንቲሜትር በላይ ራቁና አንሱ። ትንሽ ጎብጦ ይወጣል። ይውጣ። ጽሑፉ እስከተነበበ ድረስ ፎቶው ሥራውን ሠርቷል።

የድሮ ፎቶግራፍም እንዲሁ፤ ፊቱን መስታወት አታስነኩ፣ ሊጣበቅ ይችላል። አልበም ላይ የተለጠፈውን ሳትገነጥሉ ከነገጹ አንሱት።

8. ሲበላሽ ምን ይደረግ?

መስታወቱ ላይ አምፖል ይታያል። ዓይናችሁን ስልኩ ካለበት ቦታ አጠገብ አድርጉና መስታወቱን ተመልከቱ። አምፖሉ ለእናንተ ከታየ ለካሜራውም ይታያል። እስኪጠፋ ድረስ አምፖሉን ዝቅና ራቅ አድርጉ።

የስልኩ ወይም የእናንተ ምስል ይታያል። ጥቁር ካርቶን ላይ የሌንስ ቀዳዳ ቅደዱና ከስልኩ ሥር ለጥፉት። የጣሪያውን መብራት አጥፉ። ጥቁር ልብስ ልበሱ፤ ነጭ ነጠላ ለብሳችሁ ከቆማችሁ ገጹ ላይ ደመና ይመጣል።

ፎቶው ላይ አግድም ጥቁርና ነጭ ጭረት ይወጣል። የአምፖሉ ጣጣ ነው። የእኛ መብራት በሴኮንድ 50 ዙር ይመላለሳል፤ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል አብሮት ይርገበገባል። ስልካችሁ ፍጥነቱን በእጅ ማስተካከል የሚፈቅድ ከሆነ 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉት። ካልፈቀደ አምፖሉን ቀይሩ ወይም ወደ መስኮት ሂዱ።

መሃሉ ጋ ጥላ አለ። አንዱ አምፖል በቆመው ገጽ ተጋርዷል። አምፖሎቹን ከግራና ቀኝ ወደ ገጹ ራስጌና ግርጌ አዙሯቸው፤ ጥላው ይጠፋል።

አንዱ ጥግ ብቻ ብዥ ይላል። ትኩረቱን ከመወንጀላችሁ በፊት ያንን ጥግ በመዳፍ ዳስሱ። ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ባዶ ነው። ካርቶን።

ሁለት ቅጠል ተጣብቋል። በጥፍር አትለያዩ። ስስ ፕላስቲክ ከጥግ አስገብታችሁ ሳትገፉ አንሸራትቱ። ካልለቀቀ፣ በተለይ ውኃ ነክቶት ከሆነ፣ ተዉትና "ያልተነሳ" ብላችሁ መዝግቡ።

9. መሣሪያውን ከማፍረሳችሁ በፊት

ጣውላውን ገና አታውርዱ። ቁጭ ብላችሁ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እዩ። በየአሥረኛው ገጽ ላይ እስከ ጥግ ድረስ አጉልታችሁ አንብቡ። የሚደገም ካለ አሁኑኑ ድገሙት። ነገ መሣሪያውን እንደገና መሥራት ከዛሬው ሥራ በላይ ይከብዳል።

ሰነድ ማንሻ አፖች ገጹን ራሳቸው እየቆረጡ፣ ጉብጠቱንም እያቃኑ ፒዲኤፍ ያወጣሉ። ተጠቀሙባቸው፤ ግን ከተነሳው ፎቶ ቅጂ ላይ። አንዳንዴ ደብዛዛ ማኅተምን "ቆሻሻ ነው" ብለው ያጠፉታል። ዋናው ፎቶ እንዳለ ይቀመጥ።

ስም ስትሰጡ ቁጥሩን በሦስት አሃዝ ጻፉ፦ "መዝገብ 001"፣ "መዝገብ 002"። ለቀኞቹ ጎዶሎ፣ ለግራዎቹ ሙሉ ቁጥር ብትሰጡ ሁለቱን ፎልደር ስትቀላቅሉ በራሳቸው ተራ ይይዛሉ። 200 ፎቶ እስከ 1 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ ፍላሽ ላይ አንድ፣ ኮምፒውተር ላይ አንድ፣ ሌላ ቤት ያለ ዘመድ ዘንድ አንድ ቅጂ ይኑር።

በቴሌግራም ስትልኩ በ"ፎቶ" ሳይሆን በ"ፋይል" ላኩት። በፎቶ ከላካችሁት ያጨምቀዋል፤ የአንድ ቀን ልፋታችሁ ወዲያ ጫፍ ሲደርስ ማኅተሙ የማይነበብ ጭጋግ ይሆናል።

ዋናውን ሰነድ ደግሞ እንዳትጥሉት፤ ቢሮ ስትሄዱ የሚጠየቀው እሱ ነው። ካርታውን ድጋሚ አጥፋችሁ አታስቀምጡት። በሁለት ካርቶኖች መካከል እንደተዘረጋ አስገቡትና ከቁም ሣጥኑ ላይ ሳይሆን ከታችኛው መደርደሪያ አጋድሙት። ከላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ በሚያዝያ ምን ያህል እንደሚሞቅ የአዳማ ሰው ያውቀዋል።